የሐረር ጌይ ጋር፦ ከነጋዴ መኖሪያ ወደ እንግዳ ማረፊያ

በጁገል ግንብ የታጠረችው ሐረር ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ጨርቅ ከአካባቢው ቡና ጋር የሚገናኝባት የገበያ ከተማ በመሆኗ፣ የነጋዴው ሀብት ከውጭ ይልቅ «ጌይ ጋር» በተባለው የከተማ ቤት ውስጥ ይታይ ነበር። በዋናው ክፍል «ነደባ» የሚባሉ፣ ከፍታቸው የተለያየ 5 መደቦች አሉ፤ አባወራውና እንግዶች እንደየማዕረጋቸው የሚቀመጡባቸው ሲሆኑ፣ ግድግዳውን ሳህኖችና ስፌቶች ይሞሉታል። የወለሉን ቀይ አፈር ትውፊት እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዘዋል፤ ይህ ግን ከታሪክ ማስረጃነት ይልቅ ለሐዘን መታሰቢያነት የቀረበ ትርጓሜ ይመስላል። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ዛሬ አንዳንድ ቤተሰቦች ቤታቸውን ጠግነው መንገደኛ ያሳድራሉ፤ «ኪርታት» የተባለችው ጠባብ የሙሽሮች ክፍልም ለክፍያ የምትከራይበት ጊዜ አለ።