ስለ ትጋትና ስለ ዕረፍት

ትምህርትና ሥራ የበዛበት ወጣት ሰውነቱን ስለ ማጠንከር ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጊዜ የለኝም» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ሰኞ ጧት በድንገት ተነሥቶ ለሳምንት የሚበቃውን ሩጫ በአንድ ቀን ይሮጣል፤ ማክሰኞ እግሩን ሲያሽ ይውላል፤ ረቡዕ ይተወዋል። የፊተኛው ጥቂት ጊዜ በየቀኑ ሲደጋገም ምን ያህል እንደሚያፈራ አልተረዳም፤ የኋለኛውም ዕረፍት ራሱ የልምምዱ ክፍል መሆኑን አላወቀም። ይህ ችግር የዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ከታሪክ እንመልከት። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጥንት ግሪኮች ዘንድ ለኦሎምፒያ ውድድር የሚዘጋጁ ሰዎች የሚለማመዱት እንዳገኙ አልነበረም። በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ፊሎስትራቶስ የተባለ ጸሐፊ እንደሚነግረን፥ አሠልጣኞቹ ልምምዱን በአራት በአራት ቀን ይከፍሉት ነበረ። በመጀመሪያው ቀን ሰውነትን የሚያነቃ አጭርና ፈጣን እንቅስቃሴ ይደረጋል፤ በሁለተኛው ቀን ተወዳዳሪው ያለ ኃይሉን ሁሉ ያወጣል፤ ሦስተኛው ቀን ሰውነት የሚላላበት ነው፤ በአራተኛው ቀን መካከለኛ ሥራ ይሠራል፤ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

የሚያስደንቀው ግን ፊሎስትራቶስ ይህን ሥርዓት ያነሣው ሊያመሰግነው ሳይሆን ሊነቅፈው መሆኑ ነው። ምክንያቱንም በአንድ ሰው ሞት ያስረዳል። ጌሬኖስ የሚባል፥ በግብጽ አገር የናውክራቲስ ከተማ ሰው፥ በኦሎምፒያ በትግል ውድድር አሸነፈ። ስለ ድሉም ወዳጆቹን ጋብዞ በላ፥ ጠጣ፥ እንቅልፍም አጣ። በማግስቱ ወደ መለማመጃው ስፍራ በመጣ ጊዜ ሰውነቱ እንዳልተስማማው ለአሠልጣኙ ሳይደብቅ ነገረው። አሠልጣኙ ግን የአራቱ ቀን ተራ ተቋረጠብኝ ብሎ ተቈጣ፤ የዕለቱንም ልምምድ በግድ አሠራው። ጌሬኖስ በዚያው በልምምዱ ላይ ሞተ። መቃብሩ በአቴና፥ ወደ ኤሌውሲስ በሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ይገኝ እንደ ነበረ ጸሐፊው ይናገራል። ያ አሠልጣኝ ሰነፍ አልነበረም። ቀኑን ሲቈጥር በፊቱ የቆመውን ሰው ሳያይ ቀረ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ከአሥራ ሰባት መቶ ዓመት በኋላ፥ ሥራ የበዛበት ሰው ይህን ነገር እንዴት እንደሚይዘው ያሳየን እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር ነው። ባኒስተር በ1929 ተወለደ፤ በኦክስፎርድ ከተማረ በኋላ በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሕክምና ይማር ነበረ። የሕክምና ተማሪ ቀኑ የራሱ አይደለም፤ በሽተኛው፥ መምህሩና መጽሐፉ ይካፈሉታል። ስለዚህ ባኒስተር በምሳ ሰዓት ወደ ፓዲንግተን ሜዳ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሮጦ ወደ ሥራው ይመለስ ነበረ። ዛሬ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ይህችን ግማሽ ሰዓት ልብ ብሎ ይመልከታት።

ይሁን እንጂ ይህ አካሄድ ሁልጊዜ አልሠመረለትም። በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ1500 ሜትር ያሸንፋል ተብሎ ሲጠበቅ፥ ያልታሰበ አንድ ማጣሪያ ስለ ተጨመረ ሦስት ቀን በተከታታይ መሮጥ ግድ ሆነበት። ዝግጅቱም ለዚህ የሚበቃ ስላልነበረ አራተኛ ወጣ። እኔ ዕረፍትን ሳመሰግን ስንፍናን ያመሰገንሁ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ይህን ያስብ፤ ያልለፋ ሰው ከምን ያርፋል?

ከዚህ ሽንፈት በኋላ ባኒስተር ሩጫን ለመተው አስቦ ነበረ። የመለሰው አንድ ግልጽ ዓላማ ነው፤ እርሱም አንድ ማይል፥ ማለት 1609 ሜትር፥ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መሮጥ ነው። ስዊድናዊው ጉንደር ሄግ በ1945 በ4 ደቂቃ ከ1.4 ሰከንድ ሮጦ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ይህን የሚያሻሽል አልተገኘም። ባኒስተር ቀድሞ ብቻውን መለማመድ የሚወድ ሲሆን፥ አሁን ክሪስ ብራሸርና ክሪስ ቻታዌይ ከሚባሉ ሁለት ወዳጆቹ ጋራ ተባበረ፤ ፍራንዝ ስታምፍል የሚባል የኦስትሪያ ሰውም ይመክራቸው ነበረ። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ዝናብ ሲዘንብ ለራሱ ይቅርታ ያደርጋል፤ ባልንጀራው ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ግን ያፍራል። ይህ ማፈር መልካም ነው።

ከ1953 መጨረሻ ጀምሮ የሩብ ማይል ሩጫ ዐሥር ጊዜ ይሮጡ ነበረ፤ በየመካከሉም ሁለት ደቂቃ ያህል ያርፋሉ። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ሩብ በ66 ሰከንድ ይሮጡት ነበረ፤ እየቀነሱ በሚያዝያ 1954 ወደ 61 አደረሱት። ከዚያ ወዲያ ግን ቢሉ ቢሉ አልቀንስ አለ። ለአራቱ ደቂቃ ያስፈልግ የነበረው 60 ነው።

አንባቢ ሆይ፥ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበረ? ከእኛ ብዙዎቻችን «ጉልበት አነሰኝ» ብለን ልምምዱን በእጥፍ እንጨምር ነበረ። ባኒስተርና ብራሸር ግን ሩጫውን ትተው በመኪና ወደ ስኮትላንድ ሄዱ፤ ጥቂት ቀንም ተራራ ሲወጡ ሰነበቱ። ተራራ መውጣት ምን ዕረፍት ይሆናል የሚል ይኖራል። ለሥጋ ብዙም ዕረፍት አይደለም፤ ሰከንድ ሲቈጥር ለደከመ አሳብ ግን ዕረፍት ነው። ተመልሰው ዐሥሩን ሩብ በሮጡ ጊዜ እያንዳንዱ በ59 ሰከንድ ተፈጸመ። ለወራት የለፉበት ፍሬ በውስጣቸው ተሰውሮ ነበረ፤ የወጣው ሲያርፉ ነው።

ባኒስተርም ከዚህ ተምሮ፥ ውድድሩ አምስት ቀን ሲቀረው ልምምዱን ፈጽሞ ተወ። በግንቦት 6 ቀን 1954 ጧት እንደ ልማዱ በሆስፒታሉ ነበረ፤ በዚያው የጫማውን ሹል ብረት በመሳያ ሳለው፤ ከዚያ በባቡር ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። ነፋሱ ብርቱ ስለ ነበረ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ልሞክር ወይስ ልተው እያለ ያመነታ ነበረ። በአቅራቢያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ጫፍ ላይ የሚውለበለበው ሰንደቅ ዓላማ ላላ ሲል ባየ ጊዜ ቈረጠ። በመጀመሪያ ብራሸር፥ ቀጥሎ ቻታዌይ ከፊት እየሮጡ ፍጥነቱን ጠበቁለት፤ የቀረውን ብቻውን ሮጦ በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ጨረሰ። አርባ ስድስት ቀን ቈይቶ የአውስትራሊያው ጆን ላንዲ ከዚህም አሳነሰው። ባኒስተር በዚያው ዓመት ሩጫውን ትቶ ወደ ሕክምናው አተኰረ፤ የታወቀ የነርቭ ሐኪም ሆኖ እስከ 2018 ድረስ ኖረ።

እስካሁን ያየነው ሰው ወዶ የሚያርፈውን ዕረፍት ነው። ሳይወድም የሚያርፍበት ጊዜ አለ፤ በሽታ ይመጣል፥ ፈተና ይደራረባል፥ ሳምንቱ ያልፋል። ብዙ ወጣት ልምምዱን ፈጽሞ የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው፤ የለፋሁት ሁሉ ጠፋ ብሎ ያስባልና። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ፥ ለ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ ትርፍ አንጀት ታመመ። ውድድሩ ስድስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሲቀረው ሆዱ ተቀደደ። ቁስሉ ሳይሽር ማንም እንዲሮጥ አልመክርም፤ ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው። ነገር ግን በብዙ ዓመት ልምምድ የተከማቸው ጉልበት በጥቂት ቀን መተኛት አልጠፋም። በጥቅምት 21 ቀን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ፈጸመ፤ ሁለተኛ የወጣው ሰው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ እርሱን ሲጠብቅ በሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ያፍታታ ነበረ።