ድንበር የተሻገረው ማርሚታ

ደመወዙን ለሁለት የሚከፍል ጓደኛ አለኝ፤ ግማሹ ለቤት ኪራይ፣ ግማሹ ለመኪናው። በቅርቡ 1.3 ሊትር ሞተር ያላትን መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ የፋብሪካውን ቧንቧ አስቆረጠና ባለ 3 ኢንች አስበየደላት። ከዚያ ወዲያ እሱ መምጣቱን ሰፈሩ ሁሉ ከሩቅ ያውቃል። እንጦጦን ስንወጣ ግን ያቺ የምታገሳ መኪና ሰው ጢም ብሎ ከሞላው ሚኒባስ ኋላ ቀረች።

«ቧንቧ ሲሰፋ ጉልበት ይጨምራል አላሉም እንዴ?» አለኝ።

ይላሉ። እስቲ ይህን ጥያቄ በትክክል ስለመለሰ ሰውና መልሱ ስላስከተለው ጉድ ላጫውታችሁ።

ዋልተር ካደን ይባላል፤ የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቾፓው በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በኋላ ኤም ዜድ በተባለው የሞተር ሳይክል ፋብሪካ የውድድር ክፍሉን ይመራ ነበር። ገንዘብ የለም፣ ጥሩ ብረት የለም፣ መለዋወጫ የለም። ያለው ቱ ስትሮክ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ቫልቭ ስለሌለው የጭሱ ቀዳዳ ሲከፈት ያልተቃጠለው ቤንዚንም አብሮ ሾልኮ ይወጣል። ያን ጊዜ ብዙዎች ለውድድር የማይሆን አድርገው ይንቁት ነበር።

ካደን ጆሮውን ለጭሱ ሰጠ። ጭስ ከሞተር የሚወጣው እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ አይደለም፤ ምት በምት ነው። እያንዳንዱ ምት በቧንቧው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱም የቧንቧው ስፋት በተለወጠበት ቦታ ሁሉ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ቧንቧው ቀስ እያለ ሲሰፋ የሚመለሰው ሞገድ ጭሱን ስቦ ያወጣል። መልሶ ሲጠብ ደግሞ የሚመለሰው ሞገድ ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ቀዳዳው ሳይዘጋ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ሆዱ የተነፋ፣ ጫፉ የቀጠነ ማርሚታ ተሠራ ማለት ነው። ሐሳቡን የምዕራብ ጀርመኑ ዲካቭ ሰዎች ቀደም ብለው ሞክረውት ነበር፤ በኦሲሎስኮፕ እየለካ በስሌት ፍሬ ያስያዘው ግን ካደን ነው።

ውጤቱ? በ1961 የኤም ዜድ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። በሊትር ሲሰላ 200 ነው። በዚያ ሒሳብ የጓደኛዬ መኪና 260 የፈረስ ጉልበት በኖራት ነበር!

በዚያው ዓመት የፋብሪካው ጋላቢ ኧርንስት ዴግነር የ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናን እየመራ ነበር። ነሐሴ ላይ የበርሊን ግንብ ተሠራ። መስከረም ላይ በስዊድኑ ውድድር ሞተሩ ተሰበረበት፤ እሱም አገሩ አልተመለሰም። ሚስቱና ልጆቹ በዚያው ሰሞን በመኪና ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቀው ወደ ምዕራብ ወጡ። ዴግነር የካደንን ምሥጢር ይዞ ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ሄደ፤ በ1962ም የ50 ሲሲ ሻምፒዮን ሆነ። ለሱዙኪ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ነበር። ኤም ዜድ ግን በዚያ ሻምፒዮና አንድም ዋንጫ ሳያገኝ ቀረ።

ዴግነርን ከሃዲ የሚሉት አሉ። ሚስትና ልጆቹን ከግንብ ኋላ ትቶ ለመኖር ያልፈቀደ ሰው ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። የሚያሳዝነኝ ካደን ነው፤ ሥራው ዓለምን ዞረ፣ እሱ ቾፓው ቀረ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የ125 ሲሲ ቧንቧ ልክ ለ50 ሲሲ አይሆንም። ስለዚህ ድንበር የተሻገረው ትልቁ ሀብት የቧንቧው ልክ ሳይሆን ልኩ የሚገኝበት መንገድ ነው።

እኛ ጋ የሚገለበጠው ግን ልኩ ነው፤ «እንትና 3 ኢንች አስገብቶ በረረ» ይባላል። የመኪናችን ሞተር ባለ ቫልቭ ስለሆነ የካደን ዓይነት ሆድ አያስፈልገውም፤ ሕጉ ግን ዘመድ ነው። ፈጥኖ የሚወጣ ጭስ ቀጣዩን ስቦ ያወጣል። ከ2 ኢንች ወደ 3 ስትሄዱ የቧንቧው አፍ 2.25 እጥፍ ይሰፋል፤ በትንሽ ሞተር ላይ ጭሱ ይዝላል፣ መኪናዋም በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ዳገት ላይ፣ ትደክማለች። ቧንቧው ከልክ በላይ ከጠበበ ደግሞ በከፍተኛ ዙር ትታፈናለች። ባለ ቱርቦ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከቱርቦው በኋላ ሰፊ ቧንቧ ይጠቅማል። ስለዚህ ከብየዳው በፊት ጥያቄው «የሞተሩ መጠን ስንት ነው? በስንት ዙር ነው የምነዳው?» መሆን አለበት።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ትንሽ አሰበና «ድምፁስ?» አለኝ።

ድምፁማ ለሰፈሩ ነው ወዳጄ። ዳገቱን የምትወጣው አንተ ነህ።