የግድቡ ስሌትና የባሕር ሣር ጥቃቅን ነዋሪዎች

ሆላንድ ዞይደርዜን በግድብ ብትዘጋ፣ ከግድቡ ውጭ በሚቀረው በቫደን ባሕር ውኃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል የፊዚክስ ሊቁ ሄንድሪክ ሎረንትስ የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1926 ድረስ አጠና። 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ግድብ በ1932 ሲዘጋ የስሌቱ ትክክለኛነት ተረጋገጠ።

በእነዚያው ዓመታት በአትላንቲክ ምሥራቅና ምዕራብ ዳርቻ የተዛመተ በሽታ የባሕርን ሣር ፈጀው። በሌሎች ዳርቻዎች ሣሩ ቀስ በቀስ ሲያገግም፣ በምዕራብ ቫደን ከውኃ በታች የነበረው ግን አልተመለሰም፤ ግድቡ የውኃውን ፍሰት መለወጡ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደሆነ ይታመናል።

ኢዶቴያን የመሳሰሉ ጥቃቅን ቅርፊት ለባሾች ቅጠሉን የሚሸፍነውን አልጌ እየጋጡ ሣሩ ብርሃን እንዲያገኝ ይረዱታል፤ እርሱም ያስጠልላቸዋል። ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው ደለል ላይ በሚበቅለው ሣርም ይኸው መደጋገፍ አለ። ሣሩ ሲጠፋ መጠለያው አብሮ ጠፋ። ኮሚቴው የተጠየቀው የውኃውን ከፍታ ነበር፤ መልሱም አልተሳሳተም። ጠባቡ ጥያቄው ነበርና፣ ግድብ የሚነድፍ መሐንዲስ በውኃው ውስጥ ያለውንም ሕይወት ከስሌቱ ሊያስገባ ይገባዋል።