የገዳሪፍ እርሻና ያልተመዘገበው ወጪ

ከመተማ ማዶ ያለው የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በማሽላና በሰሊጥ የታወቀ ነው። ከአገራችንም ብዙ የቀን ሠራተኞች ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ሲሻገሩ ኖረዋል።

በዚህ ምድር በትራክተር ማረስ የተጀመረው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር ለጦሩ ስንቅ በፈለገ ጊዜ ነው። በ1968 የሱዳን መንግሥት የመካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽንን ካቋቋመ ወዲህ ደግሞ መሬቱ 1,000 ፌዳን፣ ማለትም 420 ሄክታር ያህል፣ እየተሸነሸነ ለባለሀብቶች ታደለ። ደንቡ መሬቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጦሙን እንዲያድር ያዝዝ ነበር። ዳሩ ግን ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ የደከመውን ከመንከባከብ ይልቅ ድንግሉን መመንጠር አዋጣ። በዚህም የተነሣ የሙጫው ግራር ተጨፈጨፈ፤ የሄክታሩም ምርት አሽቆለቆለ።

ባለሀብቱ ትርፉን ሲያሰላ የአፈሩን መዳከም በወጪ አልያዘም። ከ1987ቱ የብሩንትላንድ ሪፖርት ወዲህ ዘላቂ ልማትን የሚያስተምሩ የንግድ አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቶች የሚያነሡትም ይህንኑ ጉድለት ነው።

እኛ መምህራን ግን ተማሪው እዚያ እስኪደርስ ለምን እንጠብቃለን? ሰሊጥ በሁመራና በመተማም ይዘራል። እንግዲህ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ስናስተምር፣ ከትራክተሩ እርጅና ጎን የመሬቱንም እርጅና እናስቈጥር።