ፋክቶሪያልን ሳናባዛ በአንድ ፎርሙላ ማግኘት ይቻላል?

ወልቂጤ መናኸሪያ 12 መንገደኛ የሚጭን ሚኒባስ ቆሟል እንበል። 12ቱ ሰዎች በ12ቱ ወንበር በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ? (የረዳቱን “ጠጋ ጠጋ በሉ” አንቆጥርም።) ለመጀመሪያው ወንበር 12 ምርጫ አለ፣ ለሁለተኛው 11፣ እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ሲባዛ 479,001,600 ይሆናል። በየሰከንዱ አንድ አቀማመጥ ቢቀያየሩ፣ ቀን ከሌሊት 5,544 ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ከ15 ዓመት በላይ!

ይሄ 12 ፋክቶሪያል ነው፣ 12! ተብሎ ይጻፋል። ቃለ አጋኖዋን ለዚህ ያዋላት ክርስቲያን ክራምፕ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1808።

አሁን ወደ ጥያቄው። ከ1 እስከ 100 ያሉትን ለመደመር አንድ በአንድ መሄድ አያስፈልግም፤ 100×101÷2 ብላችሁ 5,050 ታገኛላችሁ። ለማባዛትስ እንዲህ ያለ አቋራጭ አለ?

በመደመር፣ በማባዛት፣ በፓወር፣ በሩትና በሎጋሪዝም ብቻ የተሠራ፣ ቁጥሩ ሲያድግ የማይረዝም ትክክለኛ ፎርሙላ አይታወቅም። ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1729 ፋክቶሪያልን ሙሉ ላልሆኑ ቁጥሮችም የሚያሰፋ መንገድ አገኘ፤ ዛሬ ጋማ ፈንክሽን እንለዋለን። በሱ ሲሰላ የግማሽ ፋክቶሪያል 0.886 ገደማ ነው። ግን ጋማ ራሱ የሚጻፈው በኢንቲግራል ወይም ማለቂያ በሌለው ብዜት ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሆልደር በ1887 ባረጋገጠው ቲዎረም መሠረት ደግሞ ጋማን ትምህርት ቤት በምናውቃቸው ፈንክሽኖች መጻፍ ጭራሽ አይቻልም።

ግምት የሚበቃችሁ ከሆነ ግን የስተርሊንግ ፎርሙላ አለላችሁ፣ የ1730 ሥራ ነው። 10ን ውሰዱ፦ ለ2.71828 አካፍሉት፣ ውጤቱን 10 ጊዜ በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ2×ፓይ×10 ስኩዌር ሩት አባዙት። 3,598,696 ገደማ ይመጣል። ትክክለኛው 3,628,800 ነው፤ ስህተቱ ከ1 በመቶ በታች! ውጤቱን እንደገና በ1 ከ1/120 ካባዛችሁት ልዩነቱ ወደ 115 ይወርዳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ስህተቱ በመቶኛ እያነሰ ይሄዳል።

ለፈተና ግን ፎርሙላ አትፈልጉ። ወልቂጤን፣ ጉብሬን፣ እምድብርን፣ አገናንና ቡታጅራን በስንት ቅደም ተከተል መጎብኘት ይቻላል ብትባሉ 5! ነው፣ 120፤ በእጅ ይባዛል። ካልኩሌተራችሁ 69! ሰጥቷችሁ 70! ላይ “ኤረር” ካላችሁም አልተበላሸም። 70! ከ1 በኋላ 100 ዜሮ ካለው ቁጥር ስለሚበልጥ አብዛኞቹ የተማሪ ካልኩሌተሮች አይችሉትም።