የመረሬው ሜዳና የብዙ እጆች ሥራ
(የቢቢኤም አመጣጥ ታሪክ በአጭሩ)



ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲነገረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም መጻፍ ነበር። ይሁንና ስለ ማዳበሪያ በየስብሰባው ስለምንነግራችሁ በበዓል ቀን ደግሞ ባልደግመው ይሻላል ብዬ ተውኩት። ይልቁንም በተመደብኩበት ቀበሌ ማሠልጠኛ ማዕከል መጋዘን ውስጥ ስላገኘኋቸው ሦስት ዕቃዎች ላጫውታችሁ። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት መጋዘኑን ስረከብ፣ ከተቀደዱ ኬሻዎች ሥር ሦስት የመደብና ቦይ ማውጫዎች፣ በተለምዶ ቢቢኤም የምንላቸው፣ ዝገው ተኝተው ነበር። ለምን አልተከፋፈሉም ብዬ ብጠይቅ በሰነድ ላይ "ተሰራጭተዋል" ተብለው እንደተያዙ ተነገረኝ። አንድ አዛውንት አርሶ አደር ደግሞ ዕቃው የመጣው የቀበሌውን በሬና የቀበሌውን ቀጥቃጭ ማንም ሳይጠይቅ መሆኑን አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ ነው የዚህን መሣሪያ ታሪክ ማጠያየቅና ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት። ታሪኩ ከጠበቅሁት የተለየ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ አፈሩ ጥቂት ልበል፤ ለአብዛኞቻችሁ አዲስ ነገር አይደለም። በሸዋ መረሬ፣ በኦሮሚያ ኮቲቻ፣ በሰሜኑ ክፍል ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ወደ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነው በደጋውና በወይናደጋው ክፍል እንደሚገኝ ተመራማሪዎች ይጠቅሳሉ። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የጥጃ እግር ያስገባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ውኃው ወደ ታች መውረጃ ስለሚያጣ ከላይ ይተኛል። የሰብሉ ሥር አየር አጥቶ ቅጠሉ ይቢጫል። ለምነቱ ግን የሚታማ አይደለም። ችግሩ ያለው በውኃው ላይ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ችግር መላ ሳያበጁ አልቀሩም። ፈሰስ ያወጣሉ፣ በማረሻ ሹሩቤ ይሠራሉ፣ አንዳንድ ቦታም አፈሩን ከምረው ያቃጥሉ ነበር። ከሁሉም የሚበዛው ግን ክረምቱ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበር። ጤፉን ዘግይቶ፣ ስንዴውን ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ፣ ሽምብራና ጓያውን ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት መዝራት የተለመደ ነው። ይህ ብልሃት ቤተሰብን አኑሯል፤ ይሁን እንጂ ክረምቱን ሙሉ የታረሰው መሬት ባዶውን ሆኖ ዝናብ ይመታዋል፣ አፈሩ ይታጠባል፣ የሰኔና የሐምሌ ዝናብም ያለ ጥቅም ያልፋል። ስንዴው ዘግይቶ ስለሚዘራም ዘግይቶ ይደርሳል፣ በመጨረሻም እርጥበት ያጥረዋል።

ወደ ዋናው ታሪክ ከመግባቴ በፊት አንድ ሌላ መሣሪያ ላነሳ እወዳለሁ፤ ብዙ ትምህርት ያገኘሁት ከእሱ ነው። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢልካ፣ በ1974 ተቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረ ድርጅት ነው (በኋላ ናይሮቢ ከነበረው አቻው ጋር ተዋሕዶ ኢልሪ ሆኗል)። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ በደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ጥሩ ሐሳብ አመጡ። ብዙ አርሶ አደር ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአንድ በሬ የሚያርስ ቀንበርና ማረሻ ቢሠራለትስ? ተሠራ፣ ተሞከረ፣ በጣቢያው ማሳ ላይም አረሰ። በተለይ ከ1984ቱ ድርቅ በኋላ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። አርሶ አደሩ ግን አልተቀበለውም። ለምን ቢሉ መቀናጆ ነበረዋ! አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር እያቀናጀ በተራ የሚያርስበት ሥርዓት ከጥንትም የነበረ ነው። አንድ በሬ ብቻውን ከባዱን አፈር ከሚታገል ሁለት ጎረቤታሞች ቢቀናጁ ሥራው ይቀልላል። መሣሪያው በምህንድስና በኩል ጉድለት አልነበረውም ለማለት እችላለሁ፤ የጎደለው መቀናጆን የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው በሥራው ውስጥ አለመኖሩ ነው።

በ1986 የተጀመረው የመረሬ አፈር የጋራ ፕሮጀክት ግን አካሄዱ ለየት ያለ ነበር። ስሙ እንደሚለው የጋራ ነው። ኢልካ ነበረበት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሕንድ ሐይደራባድ አካባቢ የሆነው ኢክሪሳት ነበረበት፣ የኛው የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ ከነደብረ ዘይት ጣቢያው፣ እንዲሁም የግብርና ሚኒስቴር ነበሩበት። የእንስሳት፣ የአፈር፣ የሰብል፣ የእርሻ መሣሪያና የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀመጡ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ወዲያው ይስማማሉ ብሎ የሚያስብ ካለ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ተካፍሎ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የእንስሳቱ ሰው የሚያየው የበሬውን ጉልበትና የጭዱን መጠን ነው፤ የአፈሩ ሰው ውኃውን፣ የኢኮኖሚው ሰው ወጪውን ያያል።

ሕንዳውያኑ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ሰፊ መደብና ቦይ የሚባለው ነበር። መሬቱ ከፍ ከፍ ባሉ መደቦች ይከፈላል፣ ሰብሉ በመደቡ ላይ ይበቅላል፣ ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወርዳል። በሕንድ አገር ይህን ለመሥራት ይሞከር የነበረው በጎማ ላይ የተሰካ፣ ብዙ ዓይነት መሣሪያ የሚሸከም የበሬ ጋሪ ነበር። እሱ ደግሞ ዋጋው ከባድ በመሆኑ በሕንድም ሆነ በአፍሪካ አነስተኛ አርሶ አደሮች ዘንድ ሳይለመድ የቀረ ነው። ወደ እኛ አገር እንዳለ ቢመጣ ኖሮ ዕጣው ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ባለሙያዎቹ ግን በሰሜን ሸዋ ወደ እነዋሪ ሜዳ ሄዱ፤ የዛሬዋ ሞረትና ጅሩ፣ በሰንጋዋ የምናውቃት ጅሩ። እዚያም መደብና ቦዩን ተሠርቶ አገኙት! የአካባቢው ቤተሰብ ማሳው ታርሶ ዘሩ ከተበተነ በኋላ፣ ከቦዩ ላይ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ወደ መደቡ ይከምራል። ከዚህም ሥራ ብዙውን የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ክረምት በገባበት ብርድ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የሚጣበቅ ጭቃ በእጅ መዛቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የእነዋሪ ሴቶች መደቡ እንደሚጠቅም ከማንም ተመራማሪ በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው። ያልነበራቸው ይህንን ሥራ ከእጃቸው ላይ የሚያነሳላቸው መሣሪያ ነው። በጽሑፎቹ ውስጥ ይህ በአንድና በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ነው፤ በኔ አስተያየት ግን የታሪኩ ዋና ክፍል እሱ ነው።

እንግዲህ ሦስት ዕውቀት ተገናኘ። ከሕንድ የመጣው የመደብ ስሌት፣ ከእነዋሪ የተገኘው የእጅ ልምድ፣ እንዲሁም ማንኛውም አርሶ አደርና ቀጥቃጭ የሚያውቀው የኛው ማረሻ። መሣሪያው ሁለት ተራ ማረሻዎችን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ በማያያዝ ተሠራ። ድግሮቹ አፈሩን ከሁለት ወገን ወደ መካከል እንዲገፉ ተስተካከሉ። ከኋላ የሚጎተት ሰንሰለት መደቡን እያለሰለሰ የተበተነውን ዘር ይሸፍናል። የሚወጣው መደብ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በእነዋሪ፣ በደብረ ዘይት አካባቢ፣ በወሎ ወረኢሉና በሌሎችም ቦታዎች በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ተሞከረ። ዋናው ለውጥ የጊዜው ነው፤ ስንዴ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ መዘራት ቻለ። ቀድሞ የተዘራ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጎተራ በባዶው በሚታይበት ወቅት ለቤት ይደርሳል።

የመጀመሪያው መሣሪያ ግን እንከን አልባ አልነበረም፤ አርሶ አደሩም እንከኑን ለመናገር አላፈረም። ከባድ ነው አሉ። ማሳ ድረስ ተሸክሞ መውሰድ ያስቸግራል፣ መገጣጠሙም ጊዜ ይፈጃል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ የበሬው ነገር ነበር። መሣሪያው የሚፈለገው በክረምት መግቢያ ነው፤ በዚያ ጊዜ በሬው ከበጋው የመኖ እጥረት ገና አላገገመም፣ አፈሩ ደግሞ እርጥብ ነው። የእንስሳት ባለሙያው በቡድኑ ውስጥ መኖሩ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፤ የአፈርና የሰብል ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ በሬውን የሚያየው ማን ነው? ስለዚህ የእንጨቱ ክፍል እየቀነሰ፣ ከብረት የተሠሩ ክንፎች እየተተኩ፣ መሣሪያው ደረጃ በደረጃ ተሻሻለ።

እስከ 1992 ያለውን ሥራ የሚዘግበውን መጽሐፍ በ1993 ያዘጋጁት አራት ሰዎች ናቸው። ከአለማያ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሊቁ ተካልኝ ማሞ፣ ከኢልካ አብዬ አስታጥቄ፣ ከኢክሪሳት ሕንዳዊው ስሪቫስታቫ፣ ከግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አስገሊል ዲባቤ። በአንድ ሽፋን ላይ አራት መሥሪያ ቤት! ዛሬ በአንድ ወረዳ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች አንድ የጋራ ሪፖርት ለማውጣት ስንት ወር እንደሚፈጅባቸው የምናውቅ ሰዎች ይህን አቅልለን ልናየው አይገባም። የእነዋሪ ሴቶች ስም በሽፋኑ ላይ እንደሌለ ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ከ1993 ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ወደ አገራችን ገብቶ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የሠርቶ ማሳያ ፕሮግራም ሲያካሂድ ቢቢኤምም ከጥቁር አፈር ፓኬጆች ጋር ወደ ብዙ ወረዳዎች ወጣ። በዚህ ጊዜ ግን መሣሪያው ብቻ ተጓዘና ጭውውቱ ኋላ ቀረ፤ በኔ እምነት የመጋዘናችን ዝገት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዕቃ ሲከፋፈል ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ቀጥቃጩ ክንፉ ሲጣመም ማቃናት ይችል እንደሆነ ግን የሚመዘገብበት ቅጽ የለም።

በኋላም ማሻሻሉ አልቆመም። የእርሻ መሣሪያ መሐንዲሱ ዶክተር መለሰ ተመስገን በባህላዊው ማረሻ ላይ የሚገጠም፣ ቀላልና ዋጋው ዝቅ ያለ አይባር የተባለ ቢቢኤም ሠርተው ከ2010 ገደማ ወዲህ ለብዙ አርሶ አደሮች ደርሷል። ሁለት ማረሻ ማያያዝ አያስፈልገውም። ወደ አርሶ አደሩ የራሱ ማረሻ የበለጠ በተጠጋ ቁጥር መሣሪያው ተቀባይነት እያገኘ መሄዱን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ የዩኒየናችንን አባላት የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ውኃው የሚሄድበት ቦታ ነው። ቦይ ያወጣ ሰው ውኃውን ከማሳው ያስወጣል፣ ውኃው ግን የሚገባው የጎረቤቱ ማሳ ነው። ከላይ ያለው ሲያመርት ከታች ያለው ይጥለቀለቃል። ይህን መሐንዲስ ብቻውን አይፈታውም፣ ቀጥቃጭም አይፈታውም። በኔ ቀበሌ ከሦስት ዓመት በፊት በዚህ ምክንያት ሁለት ጎረቤታሞች ሽማግሌ ፊት ቀርበው ነበር፤ አንደኛው ዱላ እስከ ማንሳት ደርሶ ነበር። እኔ ያቀረብኩት መፍትሔ ቦዩ በአጭሩ ወደ መንገድ ዳር እንዲወጣ ነበር። የታችኛው ማሳ ባለቤት፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት፣ ይህን አልተቀበሉትም። በመንገዱ በኩል ያለው መሬት ዘወር ያለ መሆኑን፣ ውኃው ተመልሶ እንደሚገባና ድሮ የሚወርደው በድንበሩ ላይ ባለችው ግራር ሥር እንደነበረ ተናገሩ። ሄደን አየነው፤ እውነታቸውን ነበር። ሳልጠይቃቸው ሁለት ክረምት አልፎ ነበር።

ግንቦት ላይ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ አስተባባሪነት ዘጠኝ ባለማሳዎች በዚያች ግራር ሥር አንድ የጋራ መፋሰሻ ቆፈሩ። መሬታቸው ኩታ ገጠም ሆኖ አንድ ዓይነት ስንዴ ተስማምተው ስለሚዘሩ ቦዮቹም ወደ አንድ አቅጣጫ ወጡ። ከመጋዘን የወጡት ሦስቱ ዕቃዎች ወደ ቀጥቃጩ ሄዱ። እሱም ሁለቱን አቀለላቸው፣ ክንፋቸውን አሳጠረ፤ ሦስተኛውን ብረቱን ለመለዋወጫ ፈታው። ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን የመጀመሪያው መደብ ወጣ። ሐምሌ ውስጥ ዝናቡ ለአራት ቀን ሳያባራ የዘነበ ጊዜ ማልጄ ወደ ማሳው ስወርድ እኚያ እናት ቀድመውኝ ግራሯ ሥር ቆመው ውኃው ሲወርድ ያዩ ነበር።