መሪ ሲከዳ፦ የ«አሞኮ ካዲዝ» አደጋ ዳግም ሲታይ

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1978፣ ጠዋት 4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና በፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ አቅራቢያ ትጓዝ የነበረችው «አሞኮ ካዲዝ» መሪዋ ወደ ግራ እንደታጠፈ ቀረ። ባሕሩ ክፉኛ ይናወጥ ነበር፤ ዋናው ሞተሯ ግን ጤነኛ ነበር። ጉልበት ሳይጎድላት አቅጣጫ የጎደላት መርከብ ነበረች።

የግዙፍ መርከብ መሪ የሚዞረው በዘይት ግፊት ነው። ፓምፖች ዘይቱን ወደ ሲሊንደሮች ይልካሉ፤ ፒስተኖቹም ከመሪው ግንድ ጋር የተያያዘውን ክንድ ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ። በ«አሞኮ ካዲዝ» የዘይት ቧንቧ መጋጠሚያ ብሎኖች ተቆረጡና ዘይቱ ፈሰሰ። መካኒኮቹ ብዙ ቢደክሙም አልተሳካላቸውም። የሚይዘው ግፊት ያጣውን መሪ ማዕበሉ ራሱ ያላጋው ጀመር። መርከቧ ሁለት ፓምፖች ነበሯት፤ ዘይት በሌለበት ግን ሁለተኛው ፓምፕ ከመጀመሪያው አይሻልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ተጽፎበታል፦ ጎታች መርከብ ደረሰች፣ የክፍያ ክርክር ተነሣ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ መርከቧ ፖርሳል ደጃፍ ካለ ዐለት ጋር ተላተመች። ከ220,000 ቶን በላይ ነዳጅ ባሕሩን በከለው። ካፒቴኑ እርዳታ ለመጠየቅ መዘግየቱ ትረካውን ሁሉ መያዙ፣ በእኔ እይታ፣ ዋናውን ጥፋተኛ ይጋርዳል። በ1984 የቺካጎው ፌዴራል ፍርድ ቤት የመርከቧን ባለቤት ኩባንያ ተጠያቂ ሲያደርግ ከመሠረታዊ ምክንያቶቹ አንዱ የመሪው ማሽን ጥገና ጉድለት ነበር።

ዓለም አቀፉ የባሕር ደህንነት ስምምነት (ሶላስ) ከዚህ አደጋ በኋላ ተሻሻለ። 10,000 ቶን መጠንና ከዚያ በላይ በሆኑ አዳዲስ ነዳጅ ጫኞች ላይ፣ ከመሪው የኃይል መስመሮች አንዱ ቢበላሽ መሪው በ45 ሴኮንድ ውስጥ ዳግም መታዘዝ አለበት። ለኮንቴይነር መርከቦች ግን ይህ የጊዜ ገደብ አልተጻፈም፤ ስምምነቱ የሚጠይቀው መሪው «በፍጥነት» እንዲመለስ ብቻ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ12 ኖት የምትጓዝ መርከብ በ45 ሴኮንድ 280 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። የስዊዝ ቦይ መጓጓዣ መስመር ብዙ ቦታ ላይ ከዚህ ይጠብባል፤ መሪዋ ወደ ጎን እንደታጠፈ የቀረባት መርከብ ከ45ኛው ሴኮንድ በፊት ዳርቻው ላይ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ ልዩ ጥንቃቄ በሚሹ ሥፍራዎች ከአንድ በላይ ፓምፕ አብሮ እንዲሠራ፣ ሠራተኞችም መሪውን ከራሱ ከመሪው ማሽን ክፍል ሆነው ማዞርን በየሦስት ወሩ እንዲለማመዱ ስምምነቱ ያዛል። ነዳጅ ጫኟን የሚገዛው የ45 ሴኮንድ ግዴታ በቦይ ውስጥ ከኋላዋ ለምትከተለው፣ ብዙ ጊዜም ከእርሷ ለምትገዝፈው ኮንቴይነር ጫኝ ያልተዘረጋበትን ምህንድስናዊ ምክንያት ማግኘት ያዳግታል።